ያልተደፋ ውሃ

አሥር ሰዓት ሲሆን ለቅሶ ቤቱ ዝም አለ። ካርታ የሚጫወቱት ካርታቸውን ደረታቸው ላይ ለጠፉ፤ ኦቾሎኒ የምትቆረጥመው አሮጊት መንጋጋዋን አቆመች፤ ሁሉም አንገቱን ወደ ድልድዩ መለስ አደረገ። እዚያ ከማንጎው ዛፍ ላይ የድሮው የሸንኮራ ባቡር ሐዲድ ቁራጭ በሽቦ ተንጠልጥሏል። የሚነሣ ሰው አልነበረም። ሐዲዱም አልተመታም። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሌላው ተራው የማን እንደነበረ ጠየቀ፣ ጨዋታው ቀጠለ።

ሴታ ከሬሳ ሳጥኑ አጠገብ፣ ፕላስቲክ ወንበሯ ላይ ሆና ይህን ሁሉ አየች። አየች ማለት አየች ነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም። ባሏ ዱሎ ከሞተ ጀምሮ ዓይኗ ያያል፣ ጆሮዋም ይሰማል፣ ከዚያ አልፎ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ነገር ግን የለም። ለቅሶ ደራሹ እጇን ይዞ ሲያነባ እጇን ትተውለታለች፤ ሲለቅላት ደግሞ አንስታ ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ሰው እንዳስረከባት ዕቃ። በርቺ ይሏታል። እሺ ትላለች። አልቅሺ፣ ይውጣልሽ ይሏታል። እሱንም እሺ ትላለች።

የሐዲዱ ነገር እንዲህ ነው። ኡላንግ ወንዝ ሦስት ከተሞችን ያጠጣል፤ ሲሞላም ሦስቱንም ያጥባል። በዚህ ዳር ታሊሳዮን አለች፣ ድልድዩን ሲሻገሩ ባንጋስ፣ ወደ ታች ወረድ ሲሉ ደግሞ ሳንታ ኤሌሳ። ድሮ ሦስቱ የሚስማሙበት ነገር ቢኖር የጎረቤት ከንቲባ ሰነፍ መሆኑ ብቻ ነበር። ትንኝ የምታመጣው ዴንጊ የሚባል ትኩሳት ዝናብ በገባ ቁጥር ልጅ ሲወስድ፣ ታሊሳዮን ሰኞ ይጠርጋል፣ ባንጋስ ሐሙስ ይጠርጋል፣ ሳንታ ኤሌሳ ከንቲባዋ ፎቶ መነሣት ሲያምራቸው ይጠርጋል። ትንኞቹም ሰኞ ባንጋስ፣ ሐሙስ ታሊሳዮን እንግዳ እየሆኑ ተመችቷቸው ኖሩ።

በኋላ ሦስቱ ከተሞች ጥምረት መሠረቱ። አምቡላንሱ የጋራ፣ ሆስፒታሉ የጋራ፣ የቆሻሻ መጣያው የጋራ ሆነ። በቀን አንዲት ሰዓትም የጋራ ሆነች፦ አሥር ሰዓት ላይ በሦስቱም ከተማ ያለ ቤት ሁሉ ውሃ ያቆረ ዕቃውን ይደፋል፣ ደጁን ይጠርጋል። ይህ በአንድ ስብሰባ አለቀ። በየትኛው ደወል የሚለው ግን ግማሽ ዓመት ፈጀ። ታሊሳዮን የእኔ ቤተ ክርስቲያን ደወል አንጋፋ ነው አለች። ባንጋስ የእኔ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል አለች። ሳንታ ኤሌሳ የእኔ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው አለች፤ መምጣቱንስ መጥቷል፣ ግን ተሰንጥቆ ነው። በመጨረሻ ከድልድዩ ሥር የሚኖረው ዱሎ፣ ከሸንኮራው ፋብሪካ ጡረታ የወጣው፣ ልጁን ከወንዝ ለመጥራት ይመታት የነበረችውን የሐዲድ ቁራጭ አስታወሱ። የማንም ከንቲባ ንብረት ስላልነበረች ሦስቱም እሺ አሉ። ድምፁ በውሃው ላይ ተንሸራቶ ባንጋስ ይገባል፤ ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ ያለች አንዲት ባለሱቅ ሰምታ ቆርቆሮ ትመታለች፣ ሳንታ ኤሌሳም ከዚያ ይሰማል።

ከዚያ ወዲህ ልጅ ቀባሪው ቀነሰ። ዱሎም ኩራቱ መጣ። አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ሸሚዙን ይቆልፋል። ሴታ አንዳንዴ፣ "ለትንኝ ነው እንዲህ የምትለብሰው?" ትለው ነበር።

የሞተ ዕለት ሐዲዱን መትቶ ገባ። ውሃ ጠየቀ፤ ግማሹን ጠጥቶ ብርጭቆውን መደርደሪያው ላይ አኖረ። ዛሬ ክንዴ ከበደኝ ብሎ ጋደም አለ። በቃ።

በማግስቱ አሥር ሰዓት ሲሆን የሰፈሩ ሰው መጥረጊያውን ይዞ ቆሞ ጠበቀ። ግን የሟቹ እጅ ሳይቀዘቅዝ መዶሻውን ማን ያነሣል? ነውር ነው። ሐዲዱ ሳይመታ ቀረ። ባንጋሶች ሐዲዱ ካልተመታ አንጠርግም አሉ፣ ለማኖንግ ዱሎ፣ ለታላቅ ወንድማችን፣ ክብር ስንል። ሳንታ ኤሌሳዎች ደግሞ በክብር ከባንጋስ አናንስም አሉ። ትንኝ ሲያሳድድ የኖረው ሰው ሲሞት፣ ሦስት ከተማ መጥረጊያውን ሰቅሎ ትንኞቹን ያሳረፋቸው እንደዚህ ነው። ክፋት የሠራ ሰው የለም። ሁሉም ያደረገው ለሟች ያለውን አክብሮት ማሳየት ነው።

የቀብሩም ቀን ገና ነው። አንዲት ልጃቸው ሮሴላ ኦማን ሰው ቤት ትሠራለች። አሠሪዎቿ በእሷ ምትክ ሌላ ሠራተኛ እስኪያገኙ አንለቅሽም ስላሏት፣ ዱሎ አስከሬኑ መድኃኒት ተወግቶ፣ ባለመስተዋት ሳጥን ውስጥ ሆኖ ሳሎኑ ውስጥ ይጠብቃታል። እዚህ አገር እንዲህ መቆየት አዲስ አይደለም፤ ከዚህም የባሰ የቆየ አለ። ሮሴላ እናቷን ናናይ፣ አባቷን ታታይ እያለች በስልክ የለመነችው አንድ ነገር ነበር።

"ናናይ፣ ታታይን ከቤት እንዳታወጡት። ስደርስ ከገዛ ቤቱ ልሸኘው።"

ሴታ እሺ አለች። እሺ ከማለት በቀር ሌላ ቃል በአፏ ባልነበረበት ሰሞን እንኳ፣ ይህችን እሺ ለማን እንዳለቻት ታውቅ ነበር።

ሬሳ ባለበት ቤት ደግሞ አይጠረግም። አቧራውን ወደ ውጭ የሚያወጣ መጥረጊያ ከቤተሰቡም አንድ ሰው ሟቹን አስከትሎ ያወጣል። ውሃም አይደፋም፤ መድፋትና መጥረግ ያው ናቸው። ሁለተኛም አለ፦ አንዴ ደጃፉን ያለፈ ሬሳ ወደ ቤት አይመለስም። ከተመለሰ ብቻውን አይሄድም። ይህን ታሊሳዮንም ባንጋስም ሳንታ ኤሌሳም ያውቃል፤ ያለ ስብሰባ የተስማሙበት ይህ ብቻ ነው። ከሴታ ቤተሰብ የቀረችው ደግሞ ሮሴላ ብቻ ናት።

ስለዚህ ወለሉ ላይ የኦቾሎኒው ቅርፊት ተከመረ። የብስኩቱ ወረቀት፣ የቡናው ከረጢት፣ የሲጋራው ቁራጭ ተጨመረበት። ሦስቱ ከንቲባዎች ሦስት ትላልቅ የአበባ ጉንጉን ልከዋል፤ ሪባኑ ላይ የላኪው ስም ከሟቹ ስም ይገዝፋል፤ ኋላ የመጣው ጉንጉን ቀድሞ ከመጣው ይበልጣል። አበባዎቹ እንዳይደርቁ ውሃ በሞላ የቀለም ጣሳ ውስጥ ቆመዋል። ደጅ ላይ ደግሞ ጥምረቱ ያዋሰው ሸራ ተወጥሯል፤ ሦስቱ ከንቲባዎች ተቃቅፈው ፈገግ ያሉበት፣ "ለጤናማ ኑሮ በአንድነት" የሚል። ዝናቡ ሲበዛ ሸራው ሰረጎደና የባንጋሱ ከንቲባ ጉንጭ ላይ ኩሬ ሠራ። ዶሮዎች ተንጠራርተው ከዚያ ሊጠጡ ይሞክራሉ።

ጎረቤቷ ሮዋና ጠዋት ጠዋት የሩዝ ገንፎ ይዛ ትመጣለች። ከሴታ ፊት ተቀምጣ እስክትውጥ ድረስ ታያታለች፣ እንደ ሕፃን። የሮዋና ልጅ ጂንጂን፣ አራት ዓመት ያልሞላት፣ ከሬሳ ሳጥኑ ሥር ቤት ሠርታ እዚያ ብስኩት ትበላለች። ማንም አይከለክላትም። አንድ ቀን ሴታን ቀሚሷን ጎትታ፣ "ማኖንግ ዱሎ መቼ ነው የሚነሣው? አሥር ሰዓት አልፎበታል" አለቻት። መልስም አልጠበቀችም፤ ሳጥኑ ሥር ወዳለው ቤቷ ተመልሳ ገባች።

አንድ ጠዋት ገንፎው ሳይመጣ ቀረ። በማግስቱም ቀረ። ካፒታን ኦሲንግ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ መጥቶ ከጎኗ ተቀመጠ። ከዱሎ ጋር ዕድሜ ልኩን ካርታ የተጫወተ፣ ዕድሜ ልኩንም የተበላ ሰው ነው። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ እያዞረ፣ የሮዋናን ልጅ ትኩሳት እንደጣላት፣ የጋራው አምቡላንስ ወደ ጋራው ሆስፒታል እንደወሰዳት ነገራት። ዴንጊ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ አለ። ከባንጋስም ሁለት፣ ከሳንታ ኤሌሳም አሉ።

"እሺ" አለች ሴታ።

ኦሲንግ ተነሥቶ ሄደ።

እሷም ተነሣች። ለምን እንደተነሣች ለራሷም አልገባትም፤ እግሯ ወደ ጓዳ ወሰዳት። መደርደሪያው ላይ የዱሎ ብርጭቆ እንደተቀመጠ አለ፤ ግማሹን የጠጣው፣ ግማሹን የተወው። ያን ሁሉ ቀን ስታልፍ ስታገድም አይታው ነበር። ዛሬ ጎንበስ ብላ አየችው። ውሃው ውስጥ ክር የሚያክሉ ነገሮች ወገባቸውን እያጠፉ እያቃኑ ይወርዳሉ፣ ይወጣሉ። ባሏ በየሰው ደጅ እየዞረ ሲያሳይ የኖረው የትንኝ ትል ነው። ከንፈሩ የነካው የብርጭቆው ጠርዝ ላይ ትንሽ ደብዘዝ ያለ ምልክት ነበር። ቆማ አየቻቸው። መጮህ የነበረባት መሰላት፤ ጩኸቱን ፈለገችው፣ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ኑሪታ መጣች። ኑሪታ የባንጋስ አዋላጅ ነርስ ናት። በጥምረቱ ደንብ አንዱን ከተማ የሚፈትሸው የሌላው ከተማ ሰው ነው፤ አለዚያ ሁሉም የአክስቱን ልጅ እየማረ ሥራው ይበላሻል። ስለዚህ ታሊሳዮን ውስጥ ኑሪታ ባትሪዋን ይዛ ብቅ ስትል ሰው የውሻውን ውሃ ሳይቀር ይደፋል። ዛሬ ግን ባትሪዋን ቦርሳዋ ውስጥ አድርጋ መጀመሪያ ሬሳውን ተሰናበተች፣ አማተበች፣ የሴታን እጅ ሳመች። ከዚያ በኋላ ነው የአበባዎቹን ጣሳ ጎንበስ ብላ ያየችው። የታሊሳዮኑን ከንቲባ ጣሳ አየች። የባንጋሱን አየች። በሳንታ ኤሌሳውም ውስጥ ያው ትል ሲርመሰመስ ስታይ፣ "እዚህስ በአንድነት ነው የሠሩት" ብላ ተነፈሰች።

ወደ ጓዳ ስትገባ ሴታ ተከተለቻት። ሴታ ምንም ሳትል ብርጭቆውን አሳየቻት። ኑሪታ በባትሪዋ አበራችበት፤ ወዲያው አጠፋችው።

"የማን ነው?"

"የዱሎ።"

ኑሪታ ለመድፋት እጇን ዘርግታ ነበር፤ የሴታን ፊት አይታ መለሰችው። ከመደርደሪያው ላይ አንድ የሻይ ሳህን አነሣችና ብርጭቆውን ከደነችው። ክዳን ካለው ትንኝ ሆኖ የሚወጣ የለም አለች ቀስ ብላ፤ ልጅዎ እስክትመጣ ይቀመጥ። የቀረው ግን፣ ማናንግ እትዬ፣ አይቀመጥም።

ደጅ ወጥታ ኦሲንግን ያዘችው። ቤቱ ዛሬውኑ መጠረግ አለበት አለችው፤ ሲነጋም ሲመሽም የሦስት ከተማ ሰው እዚህ ይነከስና ይዞት ወደየቤቱ ይሄዳል። ኦሲንግ ሬሳ ባለበት አይጠረግም አለ። ይህን የሳይንስ ትምህርት ቤት አላስተማራችሁም ወይ ብሎ ጠየቃት። ኑሪታ ትምህርት ቤት ባያስተምራትም እናቷ አስተምራታለች፤ እሷም ብትሆን ሬሳ ባለበት ቤት መጥረጊያ አትነካም።

ስለዚህ ሬሳውን ወደ ሌላ ቦታ የማዛወር ነገር ተነሣ። የታሊሳዮን ጸሎት ቤት ጣሪያውን ያለፈው ማዕበል ወስዶታል። የቀበሌው አዳራሽ እስከ ጣሪያው ድረስ ጥምረቱ የገዛቸው አዳዲስ የቆሻሻ በርሜሎች ታጭቀውበታል፤ ሦስቱ ከንቲባዎች በአንድ ቀን ተመችቷቸው ሪባን እስኪቆርጡ ማንም አይነካቸውም። የባንጋስ ቤተ ክርስቲያን ሰፊ ነው፣ ቅርብም ነው፣ ግን ከድልድዩ ማዶ ነው። ሬሳ ከከተማ ወደ ከተማ ሲሻገር የጤና ቢሮ ማኅተም ያስፈልገዋል። ኑሪታ ስልክ ደወለች። ማኅተሙን የያዙት ኃላፊ የሉም፤ ስለ ከተሞች ትብብር ሥልጠና ሄደዋል።

ኦሲንግ ባርኔጣውን አወለቀ። "ትንኟ ያለ ፈቃድ ትሻገራለች" አለ። "ቆሻሻውም ያለ ፈቃድ ይሻገራል። ሐዲዱም ሲመታ ድምፁን ፈቃድ አሳይ ያለው የለም። ዱሎ ብቻ ነው ማኅተም የሚያስፈልገው።"

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ሴታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ስትመጣ ያያት ሰው አልነበረም።

"ድልድዩ የማን ነው?" አለች።

ዱሎ ከሞተ ወዲህ ሰዎቹ ከአፏ ከእሺ ሌላ ነገር ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነው።

"ግማሹ የእኛ ነው" አለ ኦሲንግ። "ግማሹ የእነሱ።"

"መሀሉስ?"

ኦሲንግ ኑሪታን አየ። ኑሪታ ድልድዩን አየች። መሀሉን ማንም ጠይቆ አያውቅም፤ እዚያ ላይ ጉድጓድ ሲፈጠር ሁለቱም ከተሞች የሌላው ነው ብለው ይተዉታል።

"መሀሉ ላይ አውጡት" አለች ሴታ።

ኦሲንግ ተጠግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ማናንግ፣ ከወጣ አይመለስም። ሮሴላስ?"

"አውቃለሁ።"

"ቃል ገብተሽላት የለ።"

"ገብቻለሁ።" ሴታ እጇን አየችው፤ አሁንም እንደ ሰው ዕቃ ነበር። "እሱ እቤት እያለ ብጠርግ ትሞትብኛለች። ካልጠረግኩ የሌላ ሰው ልጅ ይሞታል። ካወጣሁት ትቀየመኛለች። ትቀየመኝ።"

ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። የሱቅ ዋጋ የምትናገር ነው የሚመስለው። ኦሲንግ ወዲያ ዞር ብሎ ወንዶቹን ጠራ።

ሳጥኑን ሲያወጡ የበሩን መቃን እንዳይነካ ተጠንቅቀው በጎን አዘነበሉት፤ ዱሎ በመስተዋቱ ውስጥ ትንሽ ዘመም አለ፣ የጎኑን ሰው ካርታ ሰርቆ የሚያይ መሰለ። ኦሲንግ ይህን አይቶ፣ "አሁንም አልተወም" አለና ፊቱን ወደ ትከሻው መለሰ። ድልድዩ ላይ ሸንኮራ የጫኑ መኪኖች ወዲያና ወዲህ ቆመው ጥሩምባቸውን ያንጫርሩ ነበር፤ ሳጥኑን ሲያዩ ዝም አሉ፣ አንድ በአንድ ዞረው በላይኛው መንገድ ሄዱ። ከባንጋስ በኩል የድልድዩ ጠባቂ እየሮጠ መጣ። ሬሳው ድንበር እንዳያልፍ ሊከለክል ነው። ኦሲንግ አላለፈም አለው። ጠባቂው እግሩ አልፏል አለ። የብረቱ መገጣጠሚያ ነው ድንበሩ ተባለ፤ ጎንበስ ብለው ለኩ፤ መገጣጠሚያው በዱሎ ወገብ ሥር ነው የሚያልፈው።

"እግሩ እኛ ጋ ቢሆን ምን አለበት" አለች ኑሪታ ጠባቂውን። "በዚህ እግር ስንት ጊዜ መጥቶ የአንተ ጎማ ውስጥ ያቆረውን ውሃ ሲደፋልህ ኖሯል።"

ጠባቂው ትንሽ አሰበ። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ በእግሩ በኩል ቆመ፤ የባንጋስን ድርሻ የሚጠብቅ ነው የሚመስለው።

ከታሊሳዮን ሰዎች መጥረጊያ ይዘው መጡ፤ ወሬው ቀድሞ ደርሶ ኖሮ ባንጋስ ያለ ሰውም በየደጁ ወጥቶ ቆመ። ቆመ እንጂ የጀመረ አልነበረም። አሥር ሰዓት ሊሆን ነው። ሁሉም ወደ ማንጎው ዛፍ ያያል። ኦሲንግ መሬት መሬት ያያል። ኑሪታም ብትሆን መዶሻውን አልነካችም፤ የራሷ ከተማ ሐዲድ አይደለም።

ሴታ ከሳጥኑ አጠገብ ተነሥታ ሄደች። መዶሻው ዱሎ ያስቀመጠበት የዛፉ ክፋይ ላይ ነበር፤ እጀታው ላይ የእጁ ወዝ ጠቁሯል። አነሣችው፤ ካሰበችው በላይ ከበዳት። መታች። የመጀመሪያው ድምፅ ደካማ ነበር፣ አሮጌ ድስት የወደቀ ይመስል። ሁለተኛውን መታች። ሐዲዱ ነዘረ፣ ንዝረቱ በእጀታው አልፎ እስከ ክርኗ ድረስ ገባ፣ እዚያ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ተዋት። ሦስተኛውን ስትመታ ከወንዙ መታጠፊያ በኩል ቆርቆሮው መለሰ።

ከዚያ መጥረጊያ ተሰማ። መጀመሪያ ከኋላዋ፣ ከዚያ ከማዶ፣ ከዚያ ከሩቅ። ሻሽ፣ ሻሽ፣ ሻሽ። ከቤቷ ውስጥ ጣሳዎቹን እያወጡ ደፉ፤ አበባዎቹን ጣሉ፤ ሪባኖቹን ግን ኦሲንግ ከንቲባዎቹ ሲመጡ እንዳይቀየሙ ብሎ አጣጥፎ አስቀመጠ። ሸራውን ሲያወርዱት የባንጋሱ ከንቲባ ጉንጭ ላይ ያቆረው ውሃ ሁሉ በሊቀመንበሩ ላይ ፈሰሰ። ሰው ሳቀ። ሴታ ሰማችው፤ ደግ ነው አለች በልቧ፤ ይሳቁ። እሷ ወደ ወንበሯ ተመለሰች።

ዱሎ ድልድዩ ላይ ከረመ። አዲስ ሸራ ተወጠረለት፣ ይህኛው ፎቶ የለውም። ለቅሶ ደራሹ ከሦስቱም ከተማ መጣ፤ ድልድዩ መሀል ስለሆነ ማንም ሩቅ ነው ማለት አልቻለም። ካርታ ተጫዋቾቹ ጠረጴዛቸውን በድንበሩ ላይ አድርገው፣ የተሸነፈ ሰው ወንበሩን ወደ ማዶ አዙሮ በሌላ ከተማ ዕድሉን ይሞክራል። አሥር ሰዓት ሲሆን ሴታ ተነሥታ ሐዲዱን ትመታለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች። እንዲህ አድርጊ ያላት የለም፤ ተይ ያላትም የለም።

ጂንጂን ከሆስፒታል ተመለሰች። ከስታለች፣ አንገቷ ቀጥኗል፣ ግን መጀመሪያ የጠየቀችው ብስኩት ነው። ሮዋና ገንፎውን ይዛ መጥታ ሴታ ፊት ተቀመጠች። ማንኪያውን አቀበለቻት። ሴታ በላች።

በሳንታ ኤሌሳ ግን ሌላ ለቅሶ ቤት ተከፈተ። የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ። ኦሲንግ ሲነግራት ሐዲዱ ባልተመታበት ሰሞን የያዘው ትኩሳት ነው አላለም፤ ማለትም አላስፈለገውም። ሦስቱ ከንቲባዎች የአበባ ጉንጉን ላኩ። አሁን የላኩት ውሃ የማይፈልግ የወረቀት አበባ ነው። ሴታ እሺ አለች። በዚያ ዕለት ሐዲዱን ስትመታ አንድ ጊዜ ጨምራ መታችው፤ ስለምን እንደሆነ የጠየቃት የለም።

ሮሴላ በባንጋስ በኩል መጣች። ሚኒባሱ ድልድዩ ተዘግቷል ብሎ ስላወረዳት፣ ሻንጣዋን እየጎተተች በእግሯ ገባች። የሻንጣው ጎማ በድልድዩ ብረት ላይ ሲንኳኳ ሴታ ሰማችው። ልጇ ቀጥናለች፣ ፀጉሯን አሳጥራዋለች። ሰው ሁሉ ተነሥቶ መንገድ ለቀቀላት። ሮሴላ ሸራውን አየች፣ ሳጥኑን አየች፣ እናቷን አየች።

"እንዳታወጡት ብዬሽ ነበር።"

"ብለሽኝ ነበር።"

"ምነው ታዲያ?"

ሴታ ብዙ ነገር ልትላት ትችል ነበር። ስለ ብርጭቆው፣ ስለ ጂንጂን፣ ስለ ሳንታ ኤሌሳው ልጅ። ኦሲንግ አፉን ከፍቶ ሊያግዛት ነበር፤ ኑሪታ ክንዱን ያዘችው።

"ቤቱን ልንጠርግ ነው ያወጣነው" አለች ሴታ።

ሮሴላ ሻንጣዋን ለቀቀችው፤ ወደቀ። ሳጥኑ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ ለሁለት ሰው የሚበቃ ለቅሶ ነበር። ሴታ ከጎኗ ቆማ ጀርባዋን ዳበሰች። የልጇ አጥንት በሸሚዙ ሥር ይሰማታል። ይህን አስተዋለች፤ ይሰማታል።

ለቅሶው ሲበርድ ሴታ ወደ ቤት ገብታ ብርጭቆውን አመጣችው፣ በሳህኑ እንደተከደነ። ሮሴላ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

"አባትሽ ያልጨረሰው ነው።"

ሮሴላ ክዳኑን አነሣች። ሳህኑ ሥር ተንኖ የታቆረ ጠብታ አለ፤ ውሃው ላይ ሁለት ሦስት ክንፍ ያወጡ ትንኞች ሞተው ተንሳፍፈዋል፤ ከታች አሁንም የሚታጠፉ የሚቃኑ አሉ። ብርጭቆውን ለረጅም ጊዜ አየችው።

"ታታይ ቢያየው ኖሮ" አለች።

"ይገድለን ነበር" አለች ሴታ።

ሮሴላ በእንባዋ መሀል ፈገግ ልትል ነበር፤ አልሞላላትም። ሁለቱም ወደ ድልድዩ አጥር ተጠጉ። የባንጋሱ ጠባቂ በየትኛው በኩል ሊደፉት እንደሆነ ለማየት አንገቱን ሰገግ አደረገ፤ ኦሲንግም እንደዚሁ። እናትና ልጅ መገጣጠሚያው ላይ ቆሙ። ሮሴላ ብርጭቆውን አዘነበለች፤ ውሃው ሲወርድ አንድ ጊዜ አብረቅርቆ ከወንዙ ጋር ተቀላቀለ። ከሥር ዓሦች ብቅ አሉ።

ሴታ ባዶውን ብርጭቆ ተቀብላ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። ከዚያ ፀሐይዋን አየች። አሥር ሰዓት ሊሆን ነው፤ ወደ ማንጎው ዛፍ ሄደች።